የሉሉ ዘይት ክረምት

ሰኔ 27 ቀን 1986

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ተቆርጧል ይላሉ። የመጨረሻዋ መኪና ትናንት ማታ ገባች፤ የኩፍኝ ክትባታችንን ይዛ፣ ተመስገን። ፍሪጁን ሞልተን ዘጋነው። ለከተማው ልጆች ያሉንን መርፌዎች እየቀቀልን እንከትባለን፤ ለወንዝ ዳር መንደሮች የተመደበው ግን ባሮ ጎደል ብሎ ጀልባ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቃል። የላምባው ፍሪጅ አምና ስለሞተ ሁሉም ነገር በጄኔሬተሩ ላይ ነው።

ኃላፊያችን ለስብሰባ መቱ እንደወጣ መንገድ ተዘጋበት። እስኪመለስ ጤና ጣቢያው በእኔ እጅ ነው። ሲስተር መሰረት ይሄ ጎደለ፤ ሲስተር መሰረት ያ ፈሰሰ።

ጄኔሬተሩ ያጨሳል። የሞተር ቤቱን የሠራው ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አልጠየቀም መሰለኝ፤ ጭሱ በቀጥታ የሚገባው ሕፃናት ክፍል ነው።

ሐምሌ 1

ስለ ጭሱ ልናገር ሞተር ቤት ሄድኩ። መካኒካችን አቶ ወንዳፍራሽ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከበርሜሉ ናፍጣ በጣቱ ነክሮ አሸት አሸት አደረገና እጁን ወደ አፍንጫዬ አመጣው።

«ምን ይሸታል?»

«ናፍጣ።»

«ላምባ ነው። ቀላቅለው ነው የሸጡልን። ናፍጣ ቅባት አለው ሲስተር፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በነዳጁ ነው። ይሄ ግን ደረቅ ነው። ውስጡ ብረት ብረትን እየበላ ነው። ኖዝሉም አስተካክሎ አይረጭም። ለዚህ ነው የሚያጨሰው።»

«ታዲያ ሌላ ናፍጣ…»

«ከየት?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሥራው ዞረ። አሥራ ምናምን ዓመት አንድ ሞተር ያስነሳ ሰው ትዕቢቱ አይጣል ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩን ሲዳስስ እጁ እኛ ሕፃን እንደምናገላብጠው ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሐምሌ 5

ኩፍኙ ከኒውላንድ ሰፈር ጀመረ። ዛሬ አልጋ አልበቃንም፤ ሁለት ሁለት አስተኛን። ኩፍኙ ሳንባቸው ላይ እየወረደ ነው።

አንዲት ልጅ ከሰዓት በኋላ አረፈች። እናቷ አላለቀሰችም። መስኮቱን ብቻ አየችው። ጭሱ ይገባ ነበር።

መስኮቱን ብዘጋ በሙቀት ይታፈናሉ፤ ብከፍተው በጭስ። ክፍሉን ቀደም ብዬ ማዛወር ነበረብኝ። የት ነው የማዛውረው? ቢሆንም ነበረብኝ።

ሐምሌ 9

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ አስተማሪ የእህቷን ልጅ አዝላ መጣች። አጅዋንግ ትባላለች፤ አኙዋክ ናት፤ አምና ነው ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር የማትቸኩል። ሕፃኗን ተቀብዬ ሳስተኛ መምህሯ ወጣች። ብፈልጋት ሞተር ቤት ደጃፍ ቆማ ነጭ መሐረቧን በጭስ ማውጫው ላይ ዘርግታለች። መሐረቡ እንደ ከሰል ጠቆረ።

«ሲስተር፣ ይሄ ነዳጅ ነው» አለችኝ መሐረቡን እያሳየችኝ። «ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ። ልጆቹ እየበሉት ነው።»

«ምን ይደረጋል ብለሽ ነው እህቴ።»

«እኔንጃ። ላስብበት» አለች። ሰው እንዲህ ሲል አብዛኛውን ጊዜ መሸኛ ነው። እሷ ግን እውነት ልታስብበት የሄደች ይመስላል።

ሐምሌ 12

አስባ መጣች!

አንዲት ዛፍ አለች፤ በዱር የምትበቅል፣ ከሱዳን የመጡት ስደተኞች ሉሉ የሚሏት። ሴቶቹ ፍሬዋን ሰብስበው፣ ፈጭተው፣ አፍልተው ዘይት ያወጡባታል፤ ይበሉታል፣ ይቀቡታል። አሁን ፍሬዋ የሚረግፍበት ወቅት ነው። አጅዋንግ የምትለው ይህን ዘይት ከአልኮልና ሳሙና ከሚሠራበት ኃይለኛ ሶዳ ጋር አዋህደው ካቀጠኑት በኋላ፣ አሥር እጅ ነዳጅ ላይ አንድ እጅ ቢጨመር፣ የጎደለውን ቅባት ይመልሳል፤ ዘይቱ በውስጡ የራሱ ኦክስጅን ስላለውም ነዳጁ ደህና አድርጎ ይቃጠላል፣ ጭሱ ይቀንሳል። ዩኒቨርሲቲ ሳለች በሌላ ዘይት ሠርተውት አይታለች።

ይዣት ሞተር ቤት ሄድኩ። አቶ ወንዳፍራሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«የጸጉር ቅባት ነው ሞተሬ ውስጥ የምትጨምሩት?»

«አንተ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ጸጉርህ ላይ ብትቀባው ይሻላል?» አለችው። ጸጉር የለውም።

ከእኛ ከደገኞቹ አንዱ «አንተ» ብሎት ቢሆን ወር ያኮርፈው ነበር። እሱ ግን ራሱን ዳሰስ አደረገና ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ፊቱ ሌላ ሰው ይሆናል።

«ልጄ፣ የተማርሽውን አልንቅም» አላት። «ግን ይሄ ሞተር ቢቆም ሁለተኛ የለንም። በሌላ ሞተር አሳይኝ፣ ያኔ እኔ ራሴ እቀዳልሻለሁ።»

ተገቢ ቃል ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይሄ ነው የሚያደክመኝ።

ሐምሌ 16

በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሠራችው። ረጋ። ሳሙና ሆነ። አንድ ድስት ሙሉ ሳሙና!

«ውሃ ነው ጠላታችን» አለች፤ «ዘይቱም እርጥብ ነው፣ የገዛሁት አረቄም ውሃ አለው።» ሳሙናውን ቆራርጣ ለዋርዱ አመጣችልን። እጃችንን በእሱ ታጠብን፤ ደግሞ ደህና ሳሙና ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በኀፍረት ሳምንት አይታይም ነበር።

ሐምሌ 19

አረቄ አይሆንም፤ ጠንካራ አልኮል ያስፈልጋል። በከተማው ያለው ጠንካራ አልኮል እኛ መጋዘን ያለው ነው፤ ቁስል የምንጠርግበት። የመጋዘኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።

ቀኑን ሙሉ ቁልፉን ስነካካ ዋልኩ። ብሰጥና ባይሳካ፣ ኃላፊው ሲመለስ ምን እለዋለሁ? ባልሰጥና ጭሱ… አንድ ልጅ ዛሬም ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ጎርደን የኑዌር ልጅ ነው፤ ቁመቱ ከበሩ ይበልጣል፤ ብዙ አይናገርም። እሱን ጠየቅኩት።

«ቁስል በፈላ የጨው ውሃ ይታጠባል» አለኝ። «ሳንባ በምን ይታጠባል?»

ሰጠሁ። ለመርፌ የሚሆነውን አስቀርቼ ሌላውን ሰጠሁ። ጎርደን ጠርሙሱን ራሱ ተሸክሞ አደረሰላት። ሰው ኑዌርና አኙዋክ አይስማሙም እያለ የሚያወራው እነዚህን ሁለቱን አላየም።

ሐምሌ 23

አልኮሉን ውሃ ባልነካው ኖራ ላይ አሳድራ የቀረውን ውሃ ለኖራው አስጠጣች። ዘይቱንም እርጥበቱ እስኪያልቅ አሞቀችው። ዛሬ ከሶዳው ጋር ስታዋህዳቸው ለሁለት ተከፈለ፤ ከታች እንደ ሽሮፕ ወፍራም፣ ከላይ እንደ ጠጅ የጠራ። የላዩን ቀዳችው፣ በውሃ አጠበችው፣ አደረቀችው። በጣቴ ነካሁት፤ ይለሰልሳል፣ አይወፍርም።

«ጎሬ ላይ ብሆን ይሄ ዘይት በብርድ ይረጋብኝ ነበር» አለችኝ። «ጋምቤላ ግን ራሷ ምድጃ ናት።» ላቧን በክንዷ ጠረገች። ሁላችንም ይህን ሙቀት ስናማርር እሷ ሥራ ሰጠችው። እንዲህ ያለ አእምሮ ያስቀናል። አይ፣ አያስቀናም፤ ያኮራል።

ሐምሌ 25

ወደ ባለወፍጮው ወደ የሱፍ ሄድን። የሱፍ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ የመጣ የወሎ ሰው ነው፤ የወፍጮ ሞተሩ የሚጠጣው እንደኛው የተበከለ ናፍጣ ነው። ዱቄቱ ጭስ ጭስ ይላል እየተባለ ደንበኛ ሸሽቶታል።

«ከዚህ በላይ አትበላሽም፤ አድርጊው ልጄ፣ ቢስሚላህ በይና» አላት።

አጅዋንግ ለክታ ጨመረች። አቶ ወንዳፍራሽ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። መጀመሪያ ምንም። ቆይቶ ማንኳኳቱ ቀለል አለ፤ ደግሞ ጭሱ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ስስ። ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን ወጣ አድርገው ጣራውን ያዩ ጀመር።

አቶ ወንዳፍራሽ ጆሮውን ሳያነሳ፣ «ጉሮሮዋ ተከፈተ» አለ።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። አቶ ወንዳፍራሽ ኮቱን ለዘይቱ ጀሪካን አለበሰው። እኛ ረጠብን።

ሐምሌ 29

ገበያ ላይ ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከኋላዬ፦ «ክልል ሆንን ብለው አሁን ደግሞ ሞተር ላይ ቅቤ መቀባት ጀመሩ!» «ሲስተሯም አብራ አበደች እኮ፣ ብቸኝነት ነው።»

ዞሬ ብናገራቸው ጥሩ ነበር። አልዞርኩም። ባለቤቴ ከሞተ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ ብቸኝነቱንስ መቼ ካድኩ። ያናደደኝ የመጀመሪያው ነው።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ዛሬ ዘይቱ ጄኔሬተሩ ላይ ተጨመረ። ቃሉን ጠብቆ የቀዳው ወንዳፍራሽ ራሱ ነው። አማተበና ቀዳ።

ከሰዓት ላይ ሕፃናት ክፍል ገብቼ ምን እንደተለወጠ ወዲያው አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ጉሮሮዬን አይከረክረኝም። ዓይኔ አያነባም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የገባውም የዝናብ ሽታ ነው።

ለጾሙ ሽሮ በዝቶብኝ ስለነበር ለወንዳፍራሽ ጥቂት ላክሁለት። ተርፎ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ነሐሴ 5

ቆመ። ጄኔሬተሩ ቆመ። ጠዋት ሁለት ጊዜ አስሎ፣ ቀጥ።

ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ጎርደን ጀርባውን ለፍሪጁ በር አስደግፎ ተቀመጠ። «ማንም አይከፍትም።»

ወሬው ከተማውን ሞላ። ቅቤው ገደለው። ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል።

አልኮሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።

ነሐሴ 6

ትናንት በችኮላ ጥቂት ብቻ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ሁሉንም ልጻፈው።

ወንዳፍራሽ ሞተር ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ መፍታት ጀመረ። ደጅ የተሰበሰበው ሰው እየበዛ ሄደ። ልጆቻቸው የተኙባቸው አባቶች ነበሩ፤ ወሬ ለማየት የመጣም ነበር። አንዱ፣ ስሙን አልጽፍም፣ የእኛው ሀገር ሰው፣ ጮክ ብሎ፣ «ያቺን አኙዋክ አምጡልን! የመንግሥት ንብረት አበላሽታ የት ነው ያለችው?» አለ። ሌሎች ተቀበሉት። ከወዲያ ማዶ የቆሙት አኙዋክ ወጣቶች ደግሞ ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። ድንጋይ ያነሳ እጅ አየሁ። አንድ ቃል ቢጨመር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በዚህች ከተማ ያየነውን አይተናል።

ይህን ጊዜ አጅዋንግ መጣች። ከክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ነው የመጣችው፤ ጠመኔው ገና ከእጇ አልለቀቀም። መካከላቸውን ሰንጥቃ አልፋ ሞተር ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«አለሁ። እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች። «ጥፋቱ የኔ ከሆነ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ይፈተሽ። እስኪፈተሽ አልሄድም፤ እናንተም አትሂዱ።»

ያን ያህል ሰው እያያት ድምጿ አልተሰበረም። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ወርጄ ከጎኗ ቆምኩ። አልኮሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ አልኩ። ድምፄ መሰማቱን አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። ወንዳፍራሽ እስከ ክንዱ ጠቁሮ ወጣ። በእጁ የነዳጁን ፊልትሮ ይዟል፤ እንደ ጭቃ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ይንጠባጠብበታል። ወደ ጮኸው ሰውዬ ሄዶ አፍንጫው ሥር አደረገለት።

«ይሄን ታየዋለህ? ይሄ የእሷ ዘይት አይደለም። በታንከሩ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት ተጣብቆ የኖረ ቆሻሻ ነው። ዘይቷ ፍቆ አወረደው፤ ፊልትሮው ላይ ተከመረ፤ ነዳጅ ማለፊያ አጣ። ታንከሩን አጥቤ መጀመር የነበረብኝ እኔ ነኝ። መካኒኩ እኔ ነኝ። ሞተሬን አላበላሸችብኝም፤ ያበላሸሁትን ነው ያጠበችልኝ። ፖምፓውን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ መፋጨቱ ቆሟል።»

ከዚያም ወደ እሷ ዞሮ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ያ ሰው! ለአውራጃ አስተዳዳሪ እንኳ ጎንበስ ሲል ያላየሁት ሰው።

ድንጋይ የያዘው ልጅ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ምን ትገተራላችሁ?» አለ ወንዳፍራሽ። «ታንከር የሚያጥብ ሰው እፈልጋለሁ።»

መጀመሪያ የወጣው የሱፍ ነበር፤ ወፍጮውን ዘግቶ ነው የመጣው። ቀጥሎ ከአኙዋክ ወጣቶቹ ሁለቱ። ቀጥሎ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ያ የጮኸው ሰውዬ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ታንከሩ ታጠበ፣ ፊልትሮው ተለወጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩ ተነሳ። ጎርደን ከፍሪጁ በር ሲነሳ እግሩ ደንዝዞ ነበር፤ ቴርሞሜትሩን አውጥቶ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳየኝ። ክትባቱ ደህና ነው።

እኔ መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ። ለክትባቱ ነው።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። የአጅዋንግ የእህት ልጅ ዳነች፤ ዛሬ ወጣች። ዘይቱ ከተጨመረበት ቀን ወዲህ በሕፃናት ክፍል አንድም ልጅ አላጣንም። ጭሱ ነው ወይስ ኩፍኙ ራሱ እየቀነሰ ነው? አጅዋንግን ጠየቅኳት፤ «አላውቅም፣ ሁለቱም ይሆናል። ያልለካሁትን አልናገርም» አለች። እኔ ብሆን ሁሉንም በዘይቱ አሳብቤ በኩራት እሄድ ነበር።

ከመንደር ሴቶች ሉሉ በቅርጫት ያመጣሉ። ከደገኛ ሰፈር ሴቶች ደግሞ ፍሬውን ሊፈጩ ይመጣሉ። ቋንቋ አይግባቡም፤ ይሳሳቃሉ።

ወንዳፍራሽ አስሎታል። የድሮ ጭስ ነው ይላል። ደረቱን ላዳምጥህ አልኩት፤ እምቢ አለ። ነገ በግድ አዳምጣለሁ።

ነሐሴ 18

አዳመጥኩ። ደረቱ ደህና ነው። ልቡ ግን በጣም ይመታ ነበር፤ ከሞተር ቤት ሮጦ ስለመጣ ይሆናል።

ጳጉሜ 3

መንገዱ ተከፈተ። ኃላፊያችን ተመለሰ፤ ንጹሕ ናፍጣ የጫነ ቦቴም አብሮ ገባ። ስለ አልኮሉ ሁሉንም ነገርኩት። ሕፃናት ክፍል ገብቶ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ አየር ሳበና ወጣ። «ለክልሉ ጤና ቢሮ አብረን እንነግራለን» ብቻ ነው ያለኝ።

አሁን ንጹሕ ናፍጣ ስለመጣ ዘይቱ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ወንዳፍራሽ፣ «ንጹሕ የሆነውም ያለ እሱ ያጨሳል፤ ሞተሩን እኔ ነኝ የምሰማው» ብሎ ዝም አሰኛቸው። አጅዋንግ ከመምህራኑ ጋር ሆና በየመንደሩ ላሉ ሴቶች አሠራሩን ልታሳይ ነው።

ለእኔም ደብረ ማርቆስ እንድዛወር ተፈቅዶልኛል ተባልኩ። ራሴ ነበርኩ የጠየቅሁት፤ በመጋቢት። ለኃላፊው አሁን ጊዜው አይደለም አልኩት። ለምን ሲለኝ የወንዝ ዳሩ ክትባት አላለቀም አልኩ። እውነት ነው፤ አላለቀም።

መስከረም 9 ቀን 1987

ባሮ ጎደለ። ዛሬ ወደ ላይኛው መንደሮች ወጣን፤ እኔ፣ ጎርደን፣ አጅዋንግ፣ ክትባቱ በበረዶ ሳጥን። አጅዋንግ ሉሉ ልታስፈጭ፣ እኛ ልጆች ልንከትብ። የጀልባዋ ሞተር ተነስታ ልንለቅ ስንል ወንዳፍራሽ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃውን ሲወርድ አየነው።

«አንተ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የት ነው?» አለችው አጅዋንግ።

«ክትባቱን ላጅብ ነዋ።»

«የበረዶ ሳጥን እኮ ሞተር የለውም!»

«ሳጥንም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል» አለና ገባ።

ጎርደን ወደ ውሃው ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ታየኝ። አጅዋንግ ቦታ ልትለቅ ወደ ፊት ተጠጋች። ዳርቻው ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች እየሮጡ እጃቸውን ያውለበልቡልናል፤ ስንቱን ዛሬ እንደምንከትብ እያሰብኩ ነበር።

ቦታ ጠባብ ስለነበር ወንዳፍራሽ አጠገቤ ተቀመጠ። መንደሩ እስክንደርስም ሁለታችንም አልተጠጋንም፤ አልራቅንምም።